የማይኒንግ ካርድ ይገዛል? የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከባሕር ዳር

የካቲት፣ ሥራው ሲጀመር

ሥራው የመጣው ከአንዲት አርክቴክት ነው። በጣና ዳርቻ ለሚታቀዱ ሎጆችና መዝናኛዎች ምስል ታዘጋጃለች፤ የምትሠራውም ብሌንደር በተባለው የምስል መሥሪያ ፕሮግራም ነው። አንድ የውጭ ገጽታ በኮምፒውተሯ ፕሮሰሰር ብቻ ሬንደር ሲደረግ (ተሰልቶ ወደ ምስል ሲለወጥ) ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ሳይነጋ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። «ግራፊክስ ካርድ ፈልግልኝ፤ የአዲስ ዋጋ ግን አልችልም» አለችኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ በብር የት እንደደረሰ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

በከተማችን ፋሲሎ በኩል አንድ ወጣት ነጋዴ ከዱባይ በሻንጣ ያመጣቸው ሦስት ያገለገሉ ካርዶች አሉት፦ አርኤክስ 580፣ አርቲኤክስ 3070 እና አርቲኤክስ 3080። ሁለቱ ማይኒንግ ላይ፣ ማለትም ክሪፕቶ ገንዘብ ሲያመርቱ፣ እንደነበሩ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ስለ 3080ው ግን «ይህ ጌም ብቻ ነው የተጫወቱበት» ብሎ ማለ። መሐላውን መዝግቤ አለፍኩ።

«የማይኒንግ ካርድ አይገዛም» የሚለው ፍርድ በየጥገና ቤቱ ይሰማል። ሌት ተቀን ሠርቶ የተንገበገበ ዕቃ ምን ዕድሜ ይኖረዋል ነው ነገሩ። እኔ ፍርዱን ከመቀበሌ በፊት በመሣሪያ ልፈትነው ፈለግሁ።

በዚያው ሳምንት፣ ካርዱ ምን ሲሠራ እንደኖረ

የት መፈተሽ እንዳለብኝ ለማወቅ የቀድሞ ሥራውን ማወቅ ነበረብኝ። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ ገንዘብ ለዓመታት የሚመረተው በግራፊክስ ካርድ ስሌት ነበር። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ቀየረ፤ በስሌት መወዳደር ቀርቶ ገንዘብ አስይዞ ማረጋገጥ ሆነ። በመደርደሪያ ላይ ተሰድረው ሌት ተቀን ይሠሩ የነበሩ ካርዶች በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ፤ የቀሩት ትንንሽ ሳንቲሞች ያን ሁሉ ካርድ መቀለብ አልቻሉም። የሁለተኛ እጅ ገበያው በካርድ የተጥለቀለቀው ያኔ ነው።

ይህ ሥራ ደግሞ እንደሚታሰበው አልነበረም። ፍጥነቱ የሚወሰነው በሜሞሪው ነው፤ ዋናው ቺፕ ብዙም አይደክምም። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው የቺፑን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የሜሞሪውን ይጨምራል፣ የኃይል ገደቡንም ያወርዳል። 220 ዋት እንዲወስድ የተሠራው 3070 ኢቴሪየም ሲያመርት ከ120 እስከ 130 ዋት ብቻ ነበር የሚወስደው፤ መብራት የሚከፍል ሰው አንዲትም ዋት አያባክንም። ሙቀቱም ከቀን ወደ ቀን አይለዋወጥም። ጌም የሚጫወትበት ሰው ካርድ ግን ይግላል፣ ይበርዳል፣ ደግሞ ይግላል፤ ከቺፑ ሥር ያሉትን የብየዳ ነጥቦች የሚያደክመው ይህ መስፋትና መሰብሰብ ነው።

በማይኒንግ የሚጎዱት ታዲያ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሜሞሪው፣ በሜሞሪውና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ሙቀት አሳላፊ ንጣፍ (ቴርማል ፓድ)፣ እንዲሁም ያለ ዕረፍት የሚሽከረከረው ማራገቢያ። ሁለቱ ይለወጣሉ። ሜሞሪው ከሞተ ግን ባሕር ዳር ላይ መፍትሔ አላውቅለትም።

አንድ ወሬም እዚህ ላይ ይመለስልኝ። «እነዚያ አዲስ አበባ ያሉት ቢትኮይን አምራቾች ማሽናቸውን ሲጥሉ ካርድ ይረክሳል» የሚል ተስፋ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አይረክስም። በአገራችን ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው የሚሠሩት ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ኤሲክ የተባለውን፣ የቢትኮይንን ስሌት ከመሥራት በቀር ሌላ የማይችል ማሽን ነው። ስክሪን አይሰካበትም፣ ሬንደር አያደርግም። ቢጥሉት የሚገዛው የቁራሌው ነጋዴ ነው።

ማክሰኞ፣ ሱቁ ውስጥ

አርኤክስ 580ውን ሳልሰካው መለስኩ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የወጣ ካርድ ነው፤ ለጌም አሁንም አይከፋም፤ ዋጋውም ይጥማል። ነገር ግን ብሌንደር ከ3.0 እትሙ ጀምሮ የዚህን ትውልድ ካርድ ለሬንደር አይቀበልም። ለእሷ ሥራ ባዶ ብረት ነው። ለሌላ ሰው የምገዛው ቢሆን እንኳ ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ የተጻፈውን መነሻ ፕሮግራም) መጀመሪያ አየው ነበር፤ የዚያ ትውልድ ባዮስ በቀላሉ ስለሚለወጥ ክሪፕቶ አምራቾቹ የሜሞሪውን ፍጥነት በራሳቸው ቁጥር ጽፈውበት ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ይሸጡታል። «580» ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን ከ2304 ይልቅ 2048 ማስሊያ ብቻ ያላቸው ካርዶችም አሉ። የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የተባለ ፕሮግራም ከፍቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው።

3070ው ላይ በእጅ ባትሪ ቆየሁበት። የስክሪን መሰኪያዎቹ የፕላስቲክ ክዳናቸው አልወለቀም፤ በመደርደሪያ ላይ ያለ ካርድ ስክሪን ስለማያውቅ መሰኪያዎቹ እንደ አዲስ ናቸው። የወርቅማው ጥርሱም አልተፋቀም። ዝገት የለውም፤ የማሰሪያው ብረት አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቢያሳየኝ እርጥበት ባለበት መጋዘን ኖሯል ብዬ እተወው ነበር። በሜሞሪዎቹ በኩል ግን በቦርዱ ጠርዝ የሚያብረቀርቅ ቅባት አለ። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ይንሸራተታል። ሙቀት ያሟሟው የፓድ ዘይት ነው፤ አስቀያሚ ቢሆንም ቦርዱን አይጎዳም። ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ከጀርባው ቺፑን የሚይዙት አራት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተቦጫጭቋል። ሰው ገብቶበታል።

3080ውን እዚያው በነጋዴው ማሽን ላይ ሰካሁት። ጂዲዲአር6ኤክስ የተባለው የዚህ ካርድ ሜሞሪ ሙቀቱን ራሱ ስለሚናገር ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ላይ ማንበብ ይቻላል። ካርዱን እስከ ጫፉ የሚያሠራውን ፈርማርክን ከከፈትኩ ጥቂት ደቂቃ በኋላ 108 ዲግሪ ደረሰ። 110 ላይ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፓዱ አልቋል ማለት ነው፤ ጌም ብቻ የተጫወቱበት ካርድ ፓድ ደግሞ በዚህ ፍጥነት አያልቅም። ነጋዴው ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ። እኔም መሐላውን አላነሳሁበትም፤ ምናልባት እሱም የሰማውን ነው የነገረኝ። «ማይኒንግ ላይ ነበር» ያለኝን ካርድ ግን ከዚህ ይልቅ አመንኩት።

ለ3070ው 48 ሺህ ብር ጠየቀ። ቀብድ ሰጥቼ ለፍተሻ ልወስደው ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ «ወንድሜ፣ ከፈታኸው ገዝተኸዋል።»

ሐሙስ ማታ፣ የመጀመሪያው ፍተሻ

ጂፒዩ-ዚ ያሳየው ትክክል ነው፦ 5888 ማስሊያ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘውም በሙሉ 16 መስመር። አራቱንም የስክሪን መሰኪያ በየተራ ሞከርኩ፤ ሁሉም ይሠራሉ። በኦሲሲቲ የሜሞሪ ፍተሻ ለአንድ ሰዓት ተውኩት፤ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። ከሁሉም የሚበልጠው ፍተሻ ይህ ይመስለኛል። ፈርማርክ ሙቀትን ያሳያል፤ የሚሞት ሜሞሪ ግን አንዳንድ ጊዜ ያን አልፎ የደንበኛዋ ሥራ መሐል ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ያዘንባል።

ከዚያ ወደ ሙቀቱ። የክፍሉ አየር 27 ዲግሪ ነው። በሙሉ 220 ዋት ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሠራ የቺፑ ሙቀት 78፣ እጅግ የጋለው ነጥብ ደግሞ 105 ዲግሪ ሆነ። 78ቱ አላስደነገጠኝም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል ከአንድ ስድስተኛ እስከ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በውጭ አገር ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተለካ የግምገማ ቁጥር ይዞ «የእኔ ካርድ ታመመ» የሚል ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው። የሚያዝያ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ይጨመርበታል።

ያልወደድኩት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በጤነኛ ካርድ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ እዚህ 27 ነው። በቺፑና በብረቱ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቋል ወይም ብረቱ ቺፑ ላይ እኩል አልተቀመጠም። 3070 የሜሞሪውን ሙቀት ስለማይናገር የቴስተሩን የሙቀት መለኪያ ሽቦ በጀርባው ብረት ላይ፣ በሜሞሪዎቹ ትክክል ለጠፍኩ። በአንዱ ጎን 74፣ በሌላው 61።

ከመተኛቴ በፊት የአርክቴክቷን ፋይል አስነሳሁበት። በደንገልና በዘንባባ የተከበበ የሎጅ ግቢ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሬንደር በ40 ደቂቃ ገደማ አለቀ። ቪዲዮ ሜሞሪው 7 ጊጋባይት አልፎ ነበር፤ ሣርና ዛፍ ሜሞሪ ይበላሉ። ከስምንቱ ካለፈ ብሌንደር ከዋናው የኮምፒውተር ሜሞሪ ይበደራል፤ ሥራው አይቆምም፣ ግን ይንቀረፈፋል። ለእሷ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 ነበር፤ በፍጥነት ከ3070 ያንሳል፣ የሚወስደውም 170 ዋት ነው፣ በሜሞሪ ግን ይበልጠዋል። በከተማው ያለው ሰው አላገኘሁም።

ዓርብ፣ ድርድር

ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ነጋዴው «ይሠራል አይደል?» አለ። ይሠራል፤ ግን ፓዱ፣ ፔስቱና የሚንገጫገጨው አንዱ ማራገቢያ ከዋጋው ላይ ይነሣሉ፤ ዋስትናም የለውም። ከሻይ በኋላ 40 ሺህ ላይ ተጨባበጥን። ካርዱ የአርክቴክቷ ሆነ ማለት ነው፤ አሁን መፍታት ይቻላል።

ቅዳሜ፣ ጋሼ ዘንድ

ካርዱን የፈታሁት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የገፉ አንድ አባት ዘንድ ነው። ጋሼ ስለ ግራፊክስ ካርድ ብዙ ግድ የላቸውም፤ ጠረጴዛቸው ሰፊ፣ መብራታቸው ጥሩ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ስለሆነ ነው የምሄደው። ብሎኖቹን በየተራ በመስቀለኛ አላላሁ፣ የማራገቢያዎቹን ሽቦዎች ነቀልኩ፣ ብረቱን በትንሹ እያወዛወዝኩ አነሣሁ።

ነገሩ ወዲያው ታየ። በአንድ በኩል ያሉት ፓዶች ግራጫ ናቸው፣ ሲነኩ ይፈረፈራሉ፣ ዘይታቸው ወጥቷል፤ የፋብሪካው ናቸው። በሌላው በኩል ያሉት ሰማያዊ፣ ለስላሳና አዲስ ናቸው። በካሊፐር ለካኋቸው። ግራጫው፣ ያልተጫነው ጠርዙ ላይ፣ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሰማያዊው 1.5። አንድ ሰው ግማሹን ፓድ ለውጦ፣ ያገኘውን ውፍረት አስገብቶ ዘግቶታል። ብረቱ አንድ ጉልቻው እንዳጠረ ምጣድ ዘሞ ተቀምጧል። ቺፑ ላይ የቀረውም ፔስት ይህንኑ ይመሰክራል፤ በአንዱ ጠርዝ ብርሃን እስኪያሳልፍ ሳስቷል፣ በተቃራኒው ወፍራም ሆኖ ተጋግሯል።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ይህን ያደረገው ሥራ አይደለም፤ ሰው ነው» አሉ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ይህን ካርድ ከስንት ወር ማይኒንግ ይልቅ የጎዳው ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ ካቻቪቴ ነው። ማይኒንግ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስከዚህ ጠረጴዛ ድረስ ማን እንደፈታው፣ በምን እንደዘጋው፣ በየትኛው ሻንጣ ውስጥ ምን ተጭኖበት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። ሁሉም የሚጠይቀው «ማይኒንግ ላይ ነበር ወይ?» ብሎ ነው።

ባለ 1 ሚሊ ሜትር ፓድ ባሕር ዳር አላገኘሁም። ጋሼ ከመሳቢያቸው ነጭ የትራንዚስተር ቅባት አወጡ። «ልጄ፣ ይህን ወፈር አድርገህ ቀባው፤ ስንት አምፕሊፋየር አቆይቶልኛል።» «ጋሼ፣ እርስዎ የሚቀቡት የሚነካካ ብረት ላይ ነው፤ እዚህ በመካከል ክፍተት አለ፤ ሲግል ይፈስና ሜሞሪው ባዶውን ይቀራል» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም፤ ቱቦውን ዘግተው መለሱት። ፓዱን ከአዲስ አበባ በሰው እጅ አስመጣለሁ።

እስከዚያ ማራገቢያው። ከሦስቱ የመካከለኛው በዝቅተኛ ፍጥነት ይንገጫገጫል። ቅጠሉን በጣቴ ሽቅብና ቁልቁል ስነካው ይላወሳል፤ ዘንጉ በልቷል። ጋሼ የኋላ ተለጣፊውን በምላጭ ጫፍ ገልጠው አንዲት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ጨመሩበት፣ በጣታቸው አሽከረከሩት፣ ተለጣፊውንም መለሱ። ድምፁ ጠፋ። እሳቸውም እኔም ለዘለቄታው እንዳልሆነ እናውቃለን።

መጋቢት፣ ፓዱ ሲመጣ

የድሮውን በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁ። አዲሱን ፓድ በየሜሞሪው ልክ በመቀስ ቆረጥኩ፤ የኃይል መቆጣጠሪያ ክፍሎቹን ፓድ ውፍረትም ለየብቻ ለካሁ፣ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለምና። ቺፑ ላይ አዲስ ፔስት፣ ብሎኖቹ በመስቀለኛ ጥቂት በጥቂት። ከመጨረሻው ማጥበቅ በፊት አንድ ጊዜ መልሼ አንሥቼ የፔስቱን አሻራ አየሁ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ነው።

ያው ፈርማርክ፣ ያው 220 ዋት፤ ክፍሉ ግን አሁን 28 ዲግሪ ነው። ቺፑ 71፣ የጋለው ነጥብ 83። ልዩነቱ ከ27 ወደ 12 ወረደ። የጀርባው ብረት ሁለቱም ጎን ከ60 ብዙ አይርቅም።

በዚያው ሳምንት፣ የአምራቾቹን ብልሃት መዋስ

ካርዱ አርክቴክቷ ማሽን ውስጥ ገባ። ሬንደሩ እንደተጀመረ ዩፒኤሷ መጮህ ያዘ። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ በዋት ሲታሰብ 360 ገደማ ነው፤ ካርዱ 220፣ ፕሮሰሰሩና የቀረው ሲደመር ጫፉ ላይ ደርሷል። ትልቅ ዩፒኤስ መግዛት አንድ መንገድ ነው። ሌላው ነጻ ነው፦ ክሪፕቶ አምራቾቹ ያደረጉትን ማድረግ። በኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ትእዛዝ የካርዱን ገደብ ወደ 150 ዋት አወረድኩት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ገደቡ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ትእዛዙ በየማስነሻው ራሱ እንዲሠራ አደረግሁ።

ዩፒኤሱ ዝም አለ። ያ የሎጅ ምስል ከ40 ደቂቃ ወደ 44 ሄደ። የቺፑ ሙቀት 60ን ብዙም አያልፍም፣ ማራገቢያዎቹም እምብዛም አይሰሙም። 70 ዋት ለማትረፍ አራት ደቂቃ መክፈል ለዚህ ከተማ መብራት ርካሽ ነው። አዲስ ካርድ የገዛ ሰውም ቢያደርገው አይከስርም።

የመብራት መጥፋቱ ግን በዚህ አይፈታም፤ በዚያ ጭነት ዩፒኤሱ የሚያቆያት ደቂቃዎች ነው። ከባዱን ምስል በአነስተኛ ናሙና ደጋግማ ሬንደር አድርጋ፣ በየጊዜው የተለየ ሲድ (የመነሻ ቁጥር) ሰጥታ፣ መጨረሻ ላይ ብሌንደር ውስጥ እንድታዋሕደው አሳየኋት። መብራት ቢሄድ የምታጣው አንዱን ቁራጭ ነው። ዩፒኤሱ ላይ ስታብላይዘር ጨምሬያለሁ፤ ሲጠፋ ከሚያደርሰው ይልቅ ሲመለስ የሚያደርሰው ይብሳል።

ሚያዝያ

ነጋዴው ስለ 3080ው ደወለ፤ ዋጋውን ቀንሷል። ፓዱ ቢለወጥ ሜሞሪው ሊበርድ እንደሚችል አምናለሁ። ነገር ግን ካርዱ 320 ዋት ይወስዳል፤ ለሚሊ ሰከንድ ደግሞ ከዚያ በላይ እየዘለለ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያጠፋል። ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስ፣ ፓድ ሲደመር ሒሳቡ ከ3070ው እጅግ ይርቃል፤ የሚጨምረው ሜሞሪ ደግሞ 2 ጊጋባይት ብቻ። የሜሞሪውን 108 ዲግሪ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሸከመም አላውቅም። አልወስደውም አልኩት።

ከመዝጋቱ በፊት በሚቀጥለው ጉዞው ሁለት 12 ጊጋባይት 3060 እንደሚያመጣ፣ ሁለቱም ከማይኒንግ የወጡ መሆናቸውን፣ «አጽድቼ፣ ፓዳቸውን አስለውጬ» እንደሚያቀርባቸው ነገረኝ። አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ማንም ካቻቪቴ ሳያስነካቸው እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት።